«ደመና» እና አማቹ

ስለዚህች ሴት ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም ነበር። በደንብ አላውቃትም። እሷን የማውቃት በባሏ በኩል ነው፤ ባሏን ደግሞ የማውቀው በአንሶላ በኩል። ዳገቱ ሰፈር ላይ ላውንድሪ ቤት አለው። እኔ ከዳገቱ ግርጌ ስለምኖር ለማጠብ የሚከብደኝን አንሶላና መጋረጃ ሁሉ ተሸክሜ ወደ እሱ እወጣለሁ። እሷን እዚያው፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሸሚዝ ስታጥፍ አገኛታለሁ። ሰላምታ እንለዋወጣለን። አንዳንዴ ስለ ጉልበቷ ሕመም ትነግረኛለች፤ እኔም ስለ ራሴ ጉልበት እነግራታለሁ። ይኸው ነው። መሥሪያ ቤቷም ሄጄ ነበር፤ አለቃዋ ፈቅዶልኝ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ የሰው ሥራ እንዳላስፈታ እየሰጋሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ ከእሷ፣ ግማሹ ከባሏ፣ የተረፈው ደግሞ አብሯት ከሚሠራ ወሬ ከሚወድ ሰው የሰማሁት ነው። የተሳሳትኩት ካለ ይቅር ትበለኝ።

የዳገቱ ሰው «ደመና» ይላታል። የምትሠራው ለአካባቢው ከተሞችና ሰፈሮች ሁሉ ውኃ በሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ነው፤ የትኛው ሰፈር መቼ ውኃ እንደሚያገኝ በሚወሰንበት ክፍል፣ ከስክሪኑ ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። ሰፈርተኛው ይህን ካወቀ ወዲህ ፈረቃውን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት ትቶ ከፊቷ ማንበብ ጀመረ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወርድ ፊቷ ከጠቆረ «ከብዷል፣ ዛሬ መጣ» ይባልና በርሜሎች ደጅ ይወጣሉ። ፈገግ ካለች «ብራ ነው፣ አትልፉ» ይባላል። አንድ ሰሞን ጥርሷን አሟት ጉንጯን ይዛ ስትወርድ መንገዱ ግራና ቀኝ በባልዲ ተሰልፎ ጠበቃት።

«ጥርሴ ነው! ጥርሴን ነው ያመመኝ!» ብትል ማን ሰምቷት።

«ደመናዬ» ትላታለች ባለሱቋ፣ «ዛሬ ትጥያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ አጉረምርመሽ ልታልፊ ነው?»

«እኔ አይደለሁም እኮ የምወስነው። ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ቤቱ ወዴት ነው? ሽማግሌ እንላክበት።»

ክፍሉን አይቼዋለሁ። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። በእርግጥ አንዱን ግድግዳ የሚሞላ ስክሪን አለ፤ በላዩ ላይ ሰማያዊ መስመሮች በእጅ ጀርባ ላይ እንዳለ ደም ሥር ተዘርግተዋል። ክቦቹ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው፤ ሦስት ማዕዘኖቹ ፓምፖች። ሌላው ሁሉ ግን እንደማንኛውም ቢሮ ነው፤ አንድ እግሩ ያጠረና በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ፣ በሩ ሥር ደግሞ አንድ ቢጫ ጄሪካን። ጄሪካኑ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ለመጸዳጃ ቤቱ ነው» አለኝ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ። «ቧንቧችን ከቆመ ቆይቷል። ምን ይደረግ እህቴ፣ የሚያድል ሰው ጣቱን ይልሳል እንጂ አይጠግብም።»

ወሬ ይወዳል ያልኩት ይህ ሰው ነው። ጡረታው ደርሷል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ በየጣቢያው ላሉት የፓምፕ ጠባቂዎች «አስነሣ»፣ «አሳርፍ» ሲል ስለሚውል «ጋሼ ፓምፕ» ይሉታል።

ድሮ፣ ይላል ጋሼ ፓምፕ፣ ውኃ የሚሄደው ድምፁ ወደ ወፈረ ሰው ነበር። ስልክ ይጮኻል፤ አንዱ ይቆጣል፤ ቫልቩ ይከፈትለታል። ሌላው ደግሞ የባሰ ይቆጣል፤ የመጀመሪያው ተዘግቶ ለእሱ ይከፈትለታል። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰፈር ጠምቶት ይከርማል። ከዚያ ነው ፕሮግራሙ የመጣው። የወግ ስሙ «ውሳኔ አጋዥ ሶፍትዌር» ነው። በየማጠራቀሚያው ያለውን የውኃ መጠን፣ የፓምፖቹን አቅም፣ የመብራቱን ሁኔታ፣ የየሰፈሩን አጠቃቀም፣ የሚመጣውን የአየር ጠባይ ሁሉ ይሰበስብና በየጠዋቱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ይህን ክፈቱ፣ ያንን አሳርፉ፣ ለዚህ ሰፈር ሰዓት ጨምሩለት እያለ። ሐሳብ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው «ተቀብያለሁ» ወይም «አልተቀበልኩም» የሚለውን ይጫናል። አልተቀበልኩም ካለ ግን ምክንያት መምረጥ አለበት። ፕሮግራሙ ከምክንያቱ ይማራል።

በቢሮው ውስጥ የወግ ስሙን የሚጠራ የለም። «አማቹ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ጋሼ ፓምፕ ነው።

«አማች ነዋ!» አለኝ። «ትናንት ገብቶ ዛሬ ስለ ቤቱ ምክር ይሰጣል። እንዳትቆጪው፣ ተከብሮ የመጣ ነው። እንዳትንቂው ደግሞ፣ አንዳንዴ ልክ ነው።»

አማቹ በመጣ ሰሞን ለዳገቱ ሰዓት ይጨመር አለ። ምክንያት ነበረው። የዳገቱ ማጠራቀሚያ ትንሽ ነው፤ ውኃውም በፓምፕ ተገፍቶ እየወጣ ስለሆነ ገና ሳይሞላ ያልቃል። ደመና ተቀበለች። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የታች ሰፈር ሴትዮ ባዶ ባልዲ አንጠልጥላ ቢሮው ድረስ መጣች። አቤቱታ ለማቅረብ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አልፋ መስኮቱ ላይ ቆመች።

«ውኃውን የምትከፍቺውና የምትዘጊው አንቺ ነሽ?»

«ሐሳቡን የሚያቀርበው ኮምፒውተሩ ነው፣ እናቴ።»

«ቤትሽ የት ነው?»

ደመና መዋሸት አይሆንላትም። «ዳገቱ ላይ» አለች።

ሴትዮዋ ወደ ሰልፉ ዞረች። «ሰማችሁ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጋሼ ፓምፕም፣ እግዜር ይይለትና፣ ሳቀ። ሳቁ ግን ደመናን ቤቷ ድረስ ተከትሏት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አማቹ «ለዳገቱ ሰዓት ይጨመር» ባለ ቁጥር እሷ «አልተቀበልኩም» ትላለች። ምክንያት ይጠይቃታል። የእሷ እውነተኛ ምክንያት «ሰው ያማኛል» የሚል ነበር፤ እሱ ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። መጀመሪያ «የቧንቧ ብልሽት» የሚለውን መረጠች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጥገና ሠራተኞች አካፋና ዶማ ይዘው ዳገቱን ወጡና ደህናውን ቧንቧ ቆፍረው አወጡት። ሲመልሱት አጣመሙት። አሁን በእውነት ተበላሸ። ከዚህ ተምራ በሚቀጥለው ጊዜ ማንንም የማያስቆፍር ምክንያት ፈለገች። «ፍላጎቱ ተሟልቷል» የሚል አገኘች። ሰላማዊ ነገር ነው፤ ማንንም አያስነሣም፤ ሠራተኛ አያስወጣም። እሱን መጫን ለመደች።

አማቹ የነገሩትን የሚያምን ፍጥረት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ለካ እያሳሳቀ መቅረትም ይችላል። መጀመሪያ ለዳገቱ ይጨመር ማለቱን ተወ። ደመናም እፎይ አለች። ቀጥሎ ከመደበኛው ድርሻ ላይ ትንሽ ቀነሰ። እንደገና ትንሽ። ይህን ሁሉ ሐሳብ ብሎ የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ እሷ በንጹሕ ልቦና «ተቀብያለሁ» ትለዋለች። የምን ማዳላት! አማቹ ነው ያለው።

የዳገቱ ሰው አቤት ማለቱ አልቀረም። ግን ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ስለ ውኃ ካላማረረ ስለ ምን ሊያማርር ነው? አለቃዋም አቤቱታው ሲመጣለት «እሷ እዚያው አይደል የምትኖረው? ቢብስማ መጀመሪያ የምትጮኸው እሷ ነበረች» ይል ነበር። እሷ ደግሞ አትጮኽም። ለገዛ ሰፈር መጮኽ አያምርማ።

ነገሩ የጠናው በባሏ ላይ ነው። ውኃ የሌለው ላውንድሪ ቤት ምንድን ነው? እሱ ራሱ «የቆሻሻ ልብስ ሙዚየም» ይለዋል። ቀጭንና ረጅም ሰው ነው፤ ካውያ ሲይዝ የምላሱ ጫፍ ይወጣል፤ ቀልድ ካላወራ እጁ አይሠራለትም። ያን ሰሞን ማሽኖቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመው እሱ ከታች ሰፈር በጋሪ በርሜል ሲያመላልስ ይውል ነበር። እኔም መጋረጃዬን ልወስድ ስወጣ ጋሪውን እየገፋ፣ በየመታጠፊያው ድንጋይ ከጎማው ሥር እየከተተ ሲያርፍ አገኘሁት።

«ምነው፣ ሚስትህ እዚያ ተቀምጣ?» አልኩት። ደፍሬ የተናገርኩት ነገር ስለሆነ ወዲያው ጸጸተኝ።

«እሷን ውኃ ጨምሪልኝ ብላት ከቤት ታስወጣኛለች» አለኝ እየሳቀ። «ሚስቴ ሐቀኛ ናት እህቴ። ሐቀኛ ሚስት ያገባ ሰው ጋሪ ይገፋል።»

የላውንድሪ ቤቱ ዋና ደንበኛ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። የማረፊያው ባለቤት ለስላሳ አነጋገር ያላት፣ ነገር ግን አንሶላ ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን መጥታ፣ አንሶላዎቿ እርጥብ ሆነው ወይም ዘግይተው መድረሳቸው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታረመ ታች ሰፈር ላለው አጣቢ እንደምትሰጥ ነገረችው። እሷ ከሄደች ላውንድሪ ቤቱ እንደሚዘጋ እሱም ያውቃል፣ ደመናም ታውቃለች። ማሽኖቹን የሚገዛ ሰው መፈለግ ጀመረ። ሚስቱን አንድም ቀን ክፉ አልተናገራትም። ንዴቱን ሁሉ የሚያወርደው በአማቹ ላይ ነው።

«እሺ፣ አማችሽ ዛሬ ምን አለ?» ይላታል በየቀኑ ስትገባ።

«ያው ነው።»

«ምን አድርጌው ነው? ሸሚዝ አቃጥዬበታለሁ?»

አንድ ጠዋት እሷ ልትወጣ ቦርሳዋን ስታነግት፣ እሱ ከአንሶላ ክምር መካከል ቆሞ ጠራት።

«እስቲ ዛሬ ለምን ብለሽ ጠይቂው።»

«ኮምፒውተር ነው እኮ አንተ ሰው! ምን ብዬ ነው ለምን የምለው?»

«እኔን እንደምትዪኝ በይው። አምሽቼ ስመጣ በር ላይ ቆመሽ ለምን ስትዪኝ እውነቱን አወጣ የለ?»

እሷም ስቃ ወረደች። የዚያን ቀን በርሜል ያወጣ ሰው የለም ማለት ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ከስክሪኑ ጥግ «ለምን?» የምትል ትንሽ ቁልፍ ነበረች። ፕሮግራሙ ሲገባ በተሰጠው ስልጠና ላይ ስለ እሷ ተነግሮ ነበር፤ የተነገረው ግን ከምሳ በኋላ ስለነበረ ማንም አላስታወሰውም። ደመና የባሏ ነገር እያሳቃት የጠዋቱን ሐሳብ ከፈተች። ከዝርዝሩ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ቁልፏን ተጫነቻት። ጋሼ ፓምፕ ሻዩን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

ስክሪኑ ጥቂት አሰበና እንዲህ የሚል ጽሑፍ አወጣ፦ «የዳገቱ ሰፈር ድርሻ የተቀነሰው ኦፕሬተሩ ደጋግሞ በሰጠው መልስ መሠረት ነው። መልሱ፦ ፍላጎቱ ተሟልቷል።»

«ኦፕሬተሩ ማነው?» አለ ጋሼ ፓምፕ፣ ነገሩ ገና ሳይገባው።

ደመና ጽሑፉን እንደገና አነበበችው።

«ከእኛ በፊት እዚህ ሰው ነበር እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ጋሼ ፓምፕ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው ወደ አጭሩ እግሩ ዘመም አለና ሻዩ ፈሰሰ። ማንም አልጠረገውም።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ሌላው ለሰፈሩ ሰርቆ ይያዛል። አንቺ ከሰፈርሽ ሰርቀሽ ተያዝሽ!»

ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ምን ታየሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። የታያት ጋሪው ነው። ባሏ ዳገቱን ሲገፋው የሚያሰማው ድምፅ፣ በተለይ መታጠፊያው ላይ።

ወደ አለቃዋ የሄደችው ራሷ ናት። ማንም አላስገደዳትም። ሁሉንም ነገረችው፤ ባልዲዋን ሴትዮ፣ ሳቁን፣ «ፍላጎቱ ተሟልቷል» የሚለውን። አለቃው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«እና ምን ላድርግሽ?» አለ። «ለራስ ሰፈር ማዳላት የሚያስቀጣ ደንብ አለን። በራስ ሰፈር ላይ ማዳላትን ግን የጻፈው ሰው ጭራሽ አላሰበውም።»

ወቀሳት እንጂ አልቀጣትም። ፕሮግራሙን ለሚያስተካክሉት ሰዎች ደውሎ የእሷን የሐሰት መልሶች እዚያው በዚያው አሰረዘ። የዳገቱ ችግር ግን በዚህ አላለቀም። አማቹ ከተስተካከለ በኋላ ያቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ለዳገቱ ረጅም ሰዓት እንዲሰጥ፣ በምትኩ ታች ሰፈር ላይ ጥቂት እንዲቀነስ የሚል ነበር። «ተቀብያለሁ» የሚለውን መጫን ያለበት ደግሞ አሁንም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቷል፤ ባሏ ማሽኖቹን አይቶ ሊገዛ ከሚፈልግ ሰው ጋር ቀጠሮ ይዟል።

«ጋሼ፣ አንተ ተጫንልኝ» አለች።

«እኔ?» ጋሼ ፓምፕ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። «የእኔ ጣት ለፓምፕ ነው።»

ወደ አለቃዋ ዞረች። አለቃው ስልኩን አንሥቶ «ሃሎ» አለ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

«ከመከልከል መቀበል ይከብዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር» ብላኛለች። ስትከለክል ማንም አያማትም። ስትቀበል ግን ያ ሰልፍ ሁሉ፣ ያ ሳቅ ሁሉ ከፊቷ ቆመ። ደግሞም ውኃው የሚሄደው ወደ ባሏ ማሽን መሆኑን ታውቃለች፤ ይህን አላውቅም ብላ ራሷን ልታታልል አልቻለችም። ባሏ ባይኖርስ ኖሮ፣ ብላ አሰበች፤ ዳገቱ ያኔም ይጠማው ነበር? ይጠማው ነበር። ተጫነችው።

ጋሼ ፓምፕ ቀድሞ ስልኩን ይዞ ኖሮ፣ ጣቷ ገና ሳይነሣ «አስነሣ!» ብሎ ጮኸ።

ዳገቱ ላይ ቧንቧዎቹ መጀመሪያ አየር ተፉ፤ ቀጥለው እንደ ሽማግሌ ሳሉ፤ ቀጥለው የዝገት ቀለም ያለው ነገር አወጡ፤ ከዚያ ውኃ መጣ። የዚያን ጠዋት ፊቷ ብራ ነበር ብሎ አንድም ሰው በርሜል ስላላወጣ ባለሱቋ እስከ ዛሬ ታኮርፋታለች። ማሽኖቹን ሊያይ የመጣው ሰው ማሽኖቹ ሁሉ ሲዞሩ አገኛቸው። ዋጋ ጠየቀ። ባልየው «አይሸጡም፣ ሥራ ላይ ናቸው» አለው። የእንግዳ ማረፊያዋ ሴት አንሶላዎቿን በቀኑ፣ ደርቀውና ተተኩሰው አገኘች። አሁንም እዚያው ነው የምታሳጥበው።

ባልዲዋ ሴትዮም ተመልሳ መጥታ ነበር።

«ዳገቱ ጠጣ አሉ!» አለች በመስኮቱ።

«አዎ፣ ጠጣ» አለች ደመና። «ተራው ነው። የእርስዎ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። በርሜልዎን ያውጡ።»

ሴትዮዋ ባልዲዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ያን «ለምን?» የተጫነችበትን ቀን አመሻሽ ባሏ አጫውቶኛል። ገብታ ቦርሳዋን ሰቀለች፤ ካውያውን ከእጁ ተቀብላ መተኮስ ጀመረች፤ በዚያ ሰዓት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እሱም እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«ጠየቅሽው?»

«ጠየቅኩት።»

«ታዲያ ምን አለ?»

እዚህ ላይ ሲደርስ ደንበኛ ገባ፤ ባልየው ተነሣ። ሌላ ቀን ሳስታውሰው ስለ ካውያው ገመድ አወራኝ። ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ «አማቻችን ልብ ገዛ» እያለ ሲስቅ እሰማዋለሁ፤ ግን ምን ያህል እንደሚያውቅ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። የእሱ ፊት እንደ ሚስቱ አይነበብም።

ስለዚህ እሷን ልጠይቃት ወጣሁ። ባሏ አንሶላ ሊያደርስ ወጥቶ ብቻዋን ነበረች። ትልቅ አንሶላ ለማጠፍ ስትታገል አይቼ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። ሳብ አደረግነው፤ እጥፍ አደረግነው። ተቀራርበን ጫፍ ለጫፍ ስናገጣጥም፣ አሁን ካልጠየቅኩ ድፍረቱን ደግሜ እንደማላገኘው ገባኝ።

«የዚያን ቀን» አልኩ፣ «ምን አለ ብሎ ሲጠይቅሽ... ምን ብለሽ መለስሽለት?»

አንሶላውን ከእጄ ተቀበለችኝ። በመዳፏ እየዳበሰች አስተካከለችው።

«የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ» አለችኝ። «ባልዲውንም፣ ቁልፏንም፣ ጋሼ የሳቀብኝንም ጻፊ። ይሄን ግን አልመልስልሽም።»